የጠዋት ዱቤ

ልጆቼ፣

ፒያሳ ውስጥ ከአንድ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ አርባ አንድ ዓመት ቆሜአለሁ፤ መጀመሪያ ተቀጥሬ፣ በኋላ የራሴ አድርጌ። ቆሜአለሁ ስል ማጋነኔ አይደለም፣ የእግሬ ደም ሥሮች ምስክር ናቸው። ሱቁ ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ፤ እኔም መደርደሪያውን አራት ኪሎ ለከፈተችው ልጄ አስረክቤ ቤት ገባሁ። ቤት ሲገባ ደግሞ በሥራ ሰበብ ሳይመለሱ የቀሩ ጥያቄዎች ተራ ይዘው ይጠብቃሉ።

አንዱ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ለልምምድ የተላከች የፋርማሲ ተማሪ ነበረች፤ ክኒን ስትቆጥር ከንፈሯ እንኳ የማይንቀሳቀስ፣ ጠንቃቃ ልጅ። አንድ ጠዋት ቀድማኝ ደርሳ በር ላይ ስትጠብቀኝ፣ የብረት መዝጊያውን ወደ ላይ ገፍቼ ስገባ አየችኝ። ግራ እግሬ ቀድሞ ነበርና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሼ በቀኜ ገባሁ። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎም በገድ ያምናሉ?›› አለችኝ። ‹‹እርስዎም›› ያለችበት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ‹‹ልማድ ነው እንጂ›› ብዬ ጋዎኔን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ። ውሸት አልነገርኳትም፤ ግን ሙሉውንም አልነገርኳትም። ሙሉውን ለእሷም ለእናንተም አሁን ልንገራችሁ። አጀማመሩ የሚያኮራኝ አይደለም።

ነጋዴ ሰፈር ያደገ ያውቀዋል፦ የጠዋት የመጀመሪያ ደንበኛ ገድ አለው ይባላል። እግረ ርጥብ ከሆነ ቀኑ ይቀናል፤ እግረ ደረቅ ከሆነ እስከ ማታ ዝንብ እሽ ስትል ትውላለህ። በእኛ መንገድ ወርቅ ቤት የነበራቸው አንድ አዛውንት የመጀመሪያዋን ብር ግንባራቸውን ሳያስነኩ መሳቢያ አይከቱም ነበር። በጠዋት ዱቤ መስጠትማ ቀኑን በገዛ እጅ ማሰር ነው። እኔ የመድኃኒት ኬሚስትሪ ተምሬ የመጣሁት ሰውዬ፣ ጥቂት ዓመት ሳልቆይ ይህን ሕግ ከጎረቤቶቼ ሁሉ አጥብቄ ያዝኩት።

1981 ዓ.ም. ነው፣ ነሐሴ ሲብት። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። መዝጊያውን እንዳነሳሁ አንዲት ሴት ገባች። ነጠላዋ ረጥቦ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል፤ የሐኪም ማዘዣውን ግን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ስለያዘችው ጠብታ አልነካውም። ፌኖባርቢታል፣ የአንድ ወር። የሚጥል በሽታ ላለበት የሰባት ዓመት ልጇ ነው። የነበረው ካለቀ አራተኛ ቀኑ ነው።

‹‹ዶክተር›› አለችኝ (እኛን ሁሉ ዶክተር ነው የሚሉን)፣ ‹‹እስከ ቅዳሜ በዱቤ ይስጡኝ። ቅዳሜ የእንጀራ ሒሳቤን እቀበላለሁ።››

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። አንድም ሽያጭ የለም። ‹‹ከሰዓት በኋላ ብቅ በይ፤ ጠዋት ዱቤ አንሰጥም›› አልኳት። አልከለከልኳትም እኮ! ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነበር። እሺ ብላ ማዘዣውን መልሳ በፌስታሉ ጠቀለለችና ወጣች።

ከሰዓት አልመጣችም። የመጣችው በሦስተኛው ቀን፣ ገንዘቡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው። ልጁን በዚያኑ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሎት፣ ከከሰል ምድጃው ላይ ወድቆ ነበር። እሷ እንጀራ ልታደርስ ወጥታለች። ጎረቤት ተሰብስቦ ክብሪት እየጫረ አፍንጫው ሥር ያጨሳል፤ እጁን ከፍሙ ላይ የሚያነሳ ግን ጠፋ፤ በጣለው ሰዓት የነካው ሰው ይጋባበታል ተብሎ ስለሚፈራ። በመጨረሻ የዘለለችው አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ናት፤ ጎትታ አወጣችው። በአንድ ልጅ ግራ እጅ ላይ ሁለት አጉል እምነት ተገናኝተው ነበር፦ የእነሱና የእኔ።

ጠዋት ብሰጣት ኖሮ አይጥለውም ነበር ብዬ አልምልም፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ እስኪሞላ ቀናት ይፈልጋል። ግን ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ሌላው ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። ሴትዮዋ ደግሞ አልወቀሰችኝም። ያ ነው የከበደኝ።

(እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም፦ ሰው ሲጥለው ብትደርሱ አይጋባም፣ ንኩት። እሳትና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ ነገር አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ። ክብሪቱን ኪሳችሁ አስቀምጡት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ነው።)

ያን ሰሞን የሽያጭ መዝገቤን አወጣሁ። የሁለት ዓመቱን ገጽ በገጽ አገላብጬ በዱቤ የጀመሩትን ቀናት በቀይ እስክሪብቶ ከበብኳቸው፤ ሕጉን ከማጥበቄ በፊት ጥቂት ነበሩ። አንዳንዱ ቀን ቀዝቅዟል፣ አንዳንዱ ሞቅ ብሏል። በጥሬ ብር ከጀመሩት የሚለያቸው ነገር አጣሁ። ገበያውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የደመወዝ ሰሞን መሆኑና የዝናቡ ነገር ነበር። የቀዘቀዘውን ቀን ‹የዱቤው ጣጣ ነው› ብዬ ይዤዋለሁ፤ የሞቀውን ረስቼዋለሁ፤ ይኸው ነው ምስጢሩ።

በ1948 እ.ኤ.አ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ የተራቡ ርግቦችን አንድ በአንድ ሳጥን ውስጥ ከትቶ፣ ምንም ሠሩ ምን፣ በየተወሰነ ሰኮንድ እህል ብቅ እንዲልላቸው አደረገ። ከስምንቱ ስድስቱ የየራሳቸውን ሥርዓት አወጡ። አንዷ ትዞራለች፣ አንዷ ጭንቅላቷን ወደ ሳጥኑ ማዕዘን ትሰድዳለች፤ እህሉ ሲመጣ ሲያደርጉት የነበረውን ነገር የእህሉ ምክንያት አድርገው ያዙት። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ ከዚያ መዝጊያዬንና መሳቢያዬን አስቤ ሳቄን ዋጥኩ። ርግቧ ግን ትሻላለች፤ እየዞረች ሌላ ርግብ አላስራበችም።

እዚህ ላይ ነው የአጉል እምነትንና የተስፋን ልዩነት ማየት የጀመርኩት፤ ያሳየችኝም ያችው እናት ናት። ለልጁ እጅ ጎዝና ቅባት ልትወስድ በየሳምንቱ ትመጣ ስለነበር ብዙ አወራን። ዘመዶቿ ወደ አንድ ኮከብ ቆጣሪ ወስደዋት ነበር። ሰውዬው የልጁንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ፣ በ12 አካፍሎ፣ በተረፈው ቁጥር ኮከቡን አገኘና ‹‹ዓይን ነው፤ አጥር የምትጋራችሁ ሴት ናት›› አላት። ክኒኑን አቁሚ፣ ገብስማ ዶሮ አምጪ፣ ከሴትዮዋ ጋር እሳት አትጫጫሩ። አጥር የምትጋራቸው ሴት ማለት እኮ ያችው እጁን ከፍም ያወጣችው ናት።

‹‹ታዲያ ምን አልሽው?›› አልኳት።

‹‹ምን እለዋለሁ፤ ‹አባቴ፣ ዶሮውን ባገኝ ለእሷ ነበር የምሠራላት› ብዬ ወጣሁ።››

አርባ አንድ ዓመት ስለ አጉል እምነት የሰማሁትና ያነበብኩት ተደምሮ የዚህችን መልስ አያህልም። አጉል እምነት ጠላት ሳይሰጥህ አያሰናብትህም። መንስኤውን ባታውቀው እንኳ ተጠያቂውን በስም ይነግርሃል፤ ብዙ ጊዜም ከአንተ የደከመውን ሰው። የእኛው ከተማ እማኝ ናት። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለውን ሠራተኛ ሰፈር አስቡት፣ ስሙ የመጣው ዳግማዊ ምኒልክ ካሰፈሯቸው የእጅ ባለሙያዎች ነው። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ጀበናውን የምትሠራው፣ ኩታውን የሚሸምነው፣ ሁሉም በየአገሩ ‹ቡዳ› ሲባል የኖረ ነው። ንጉሡ ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ማረሻውን እየፈለጉ ሠሪውን መፍራት! ስንት ልጅ ከአባቱ የብረት ሥራ በኀፍረት ሸሸ? ስንት እጅ ባከነ?

እናትየዋ ከዚህ ሁሉ ያመለጠችው ግን ተጠራጣሪ ስለሆነች አይደለም። ኧረ ተስፋዋ ሌላ ነበር። ጳጉሜን 2 ቀን መጣችና ከጎዙ ሌላ ወፍራም ፌስታልና ፕላስተር ጠየቀችኝ። ለምን? ‹‹ነገ ሩፋኤል እኮ ነው። ዝናቡ ሳይነካው እንዴት ያድጋል?›› እኛ ልጆች ሳለን ራቁታችንን ወጥተን ‹‹ሩፋኤል አሳድገኝ›› እያልን የምንጨፍርበትን ዝናብ ነው የምትለው። የተቃጠለውን እጅ ውኃ እንዳይነካው ሐኪሙ ነግሯታል። ስለዚህ እጁን በፌስታል ልታሽግ፣ ቀሪውን ለሩፋኤል ልትሰጥ ነው።

ባንኮኒው ላይ ራሴ ለክቼ ቆረጥኩላት። የፕላስተሩን አንድ ጫፍ ይዤ፣ ሌላውን እሷ ይዛ፣ የልጅ ክንድ ስፋት ስንገምት፣ አንድ ነገር ገባኝ። ይህች ሴት ዝናቡ ልጇን እንደሚያሳድግ ታምናለች፤ ፌስታሉንም አልረሳችም። ተስፋዋ አንድም ሥራ አላስተዋትም። ክኒኑን በሰዓቱ ትሰጣለች፣ ጠበል ትወስደዋለች፣ ለመስከረም የገዛችለት ዩኒፎርም በሁለት ቁጥር ይበልጠዋል። ‹‹ያድግበታል›› ትላለች። የእኔ የጠዋት ሕግ ግን እጄን ነበር ያሰረው።

ተስፋ ገላ ላይ እንደሚሠራ ሙያዬም ይነግረኛል። በ1978 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥርስ ለተነቀሉ ሰዎች ምንም መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተሰጣቸው፤ ከፊሎቹ ሕመሙ ቀለለልን አሉ። ቀጥሎ ናሎክሶን፣ ማለትም የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት፣ ሲሰጣቸው የቀለለው ሕመም ተመለሰ። በጠበቁት እፎይታ ብቻ አካላቸው የራሱን ማስታገሻ አምርቶ ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ስሰማ ከማንኛውም ተአምር በላይ ነው የገረመኝ። ነገር ግን ይህ ማስታገሻ ሕመምን ያቀልላል እንጂ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያንን አንዲት እንኳ አይገድልም። ለእሱ ስድስት ወር ሙሉ ክኒን መዋጥ ነው።

ይህን ድንበር ሳያዩ ቀርተው ያለፉ ደንበኞች ነበሩኝ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ማርያም ጠበል ገብተው ክኒናቸውን የተዉ አሉ። ‹ከሁለቱ አንዱን› የሚል ቃል በሰው ጆሮ ገብቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ እንደማይጻረሩም በይፋ ሲናገሩ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የልጇን እጅ በፌስታል ያሸገችው እናት ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀው ነበር።

የመገረም ነገር ከተነሳ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ፣ የከተማችን የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ነበር። ሕዝቡ ያወጣለት ስም ‹ሰይጣን ቤት› ነው። ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ፈረስ ሲያይ ያማተበ ሰው አይፈረድበትም። ስልክ ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባም ካህናቱ የሰይጣን ድምፅ ነው ብለው ነበር፤ ምኒልክ ግን አላስወጡትም። የፈራውም የተገረመውም ሰው ያዩት አንድ ብርሃን ነው። አንዱ በሩን ዘግቶ ሄደ፤ አንዱ ‹ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?› ብሎ ዞሮ የማሳያውን ቀዳዳ ፈለገ። እኔ ልጅ ሆኜ ሲኒማ ኢትዮጵያ ስገባ ፊልሙን ትቼ ከኋላ የሚመጣውን ጨረርና በውስጡ የሚጨፍረውን አቧራ ነበር የማየው። ወንድሜ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

አሁን ወደ እናንተ ዘመን። ኮከብ ቆጣሪ ቤት ትሄዳላችሁ ብዬ አልሰጋም፤ እሱ በስልካችሁ መጥቷል። ውርርድ ቤት በር ላይ ወጣቶች ሲከራከሩ እሰማለሁ፦ ትኬቱን እገሌ ይቁረጠው፣ እጁ ገደኛ ነው። አሥር ጨዋታ ደርድረው ኦዱ (ትኬቱ ከተሳካ የተወራረዱበትን ብር የሚያባዛው ቁጥር) ሲያብጥ ዓይናቸው ይበራል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ጨዋታ ኦድ ውስጥ ቤቱ የራሱን ድርሻ ቀንሶ አስቀምጧል፤ አሥር ስትደረድሩ ድርሻውን አሥር ጊዜ አባዛችሁለት። እጁ ገደኛ የሆነው ትኬት ቆራጩ ልጅ አይደለም፣ የውርርድ ቤቱ ባለቤት ነው።

ሌላው ደግሞ ‹የምትፈልገውን አስብ፣ ይመጣልሃል› የሚባለው ነው። የልጄ ልጅ የመኪና ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ማታ ማታ ያየዋል። ፎቶው አይከፋም፣ ጋራዥ ለሥራ የሚያስገባው ከሆነ። ኦቲንገን የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ከባልደረባዋ ጋር ያወጣችው ጥናት አለ፤ ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ ሴቶችን ተከታትለው ነበር። ‹እንደሚሳካልኝ እጠብቃለሁ› ያሉት ብዙ ቀነሱ። ቀጥነው ሲታዩ በሐሳባቸው እያጣጣሙ የሚውሉት ግን ትንሽ ነው የቀነሱት። ሕልሙን አስቀድሞ የበላ ሰው አይርበውም፤ ካልራበው ደግሞ ምድጃ አይለኩስም።

ሁሉንም ልማድ ንቀሉ የምላችሁ እንዳይመስላችሁ። ደመራ ላይ መካከለኛው እንጨት ወደየት እንደወደቀ ለማየት መስቀል አደባባይ በየዓመቱ እንጠራራለሁ። አባቴ ከአወዳደቁ የዓመቱን ነገር ይተነብይ ነበር፤ በአንዱም ዓመት ትንቢቱን ሰምቶ እርሻውን ሲተው አላየሁም። ማታ ቤት አትጥረጊ የምትለው አያቴም በኩራዝ ብርሃን የጠፋ ቀለበት ታስባ ይሆናል። ቡና ሦስተኛው ሲቀዳ ‹በረካ› ስንል ሦስቱን የጠጣ ሰው በረከት አገኘ እንላለን እንጂ፣ ከአቦል ተነስቶ የሄደውን አንረግምም።

ለተማሪዋ ያልጨረስኩት መልስ ይህ ነው። በቀኝ እግሬ የምገባው ደስ ስለሚለኝ ነው፤ እናቴ ስላስለመደችኝ፣ ቀኑን በአንድ ነገር ባርኬ መጀመር ስለምወድ። በር ላይ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ያቀፈች ሴት ካለች ግን ግራና ቀኝ አልመርጥም፣ በመጣው ገብቼ መብራት አበራለሁ። ከ1981 ወዲህም ጠዋት ዱቤ የጠየቀኝን መልሼ አላውቅም። ሦስቱ አልከፈሉኝም። ከሦስቱ አንዱ ዛሬ ባለ ፎቅ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ስልክ የሚያወራ ይመስላል።

ያ ልጅ ዛሬ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ስልክ ይጠግናል። ጠባሳ ባለበት እጁ ስልኩን ይዞ በቀኙ በወረንጦ የገብስ ፍሬ የምታህል ብሎን ሲያነሳ አይቼዋለሁ። መድኃኒቱን አሁንም ይወስዳል፣ ከልጄ ሱቅ። እናቱ ካረፈች አምስት ዓመት አለፋት።

ይህን የምጽፈው ጳጉሜን 2 ማታ ነው። ትንሿ የልጅ ልጄ ቁመቷን በሩ መቃን ላይ በእርሳስ አስምራ፣ ነገ ከዝናቡ በኋላ ትለካለች። እኔም አብሬያት እንድቆም ቃል አስገብታኛለች። ባለቤቴ ‹‹በዚህ ዕድሜህ ምን ልታድግ?›› ብላ ስታበቃ፣ ‹‹ጉንፋን ይዞህ ደግሞ እንዳታስቸግረኝ›› ብላ ፎጣ ከቁም ሳጥን አውጥታ ወንበሩ ላይ አስቀምጣለች። አሁን በመስኮት ሳየው ሰማዩ ከእንጦጦ በኩል ጠቁሯል።